ካርዱን የደበቀ አገር ኃያል አይሆንም

ውድ አንባቢ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ተራ መጠበቂያ ቦታ አምሽተው የሚያውቁ ከሆነ፣ እዚያ የማይፈታ የዓለም ችግር እንደሌለ ያውቃሉ። በብርዱ ወራት በአንዱ ሌሊት፣ በረራው ሁሉ ዘግይቶ እኛም መኪናችንን ደርድረን ቆመን ሳለ፣ «ከአሜሪካ ቀጥሎ የዓለም ልዕለ ኃያል የሚሆነው ማን ነው?» የሚል ክርክር ተነሣ። ወታደር የነበሩ አንድ ታላቃችን «ኒውክሌር ያለው ነዋ! ሌላው ወሬ ነው» አሉ። ሌላው «የሕዝብ ብዛት ነው፤ ቻይናንና ሕንድን ተመልከቱ» አለ። ሦስተኛው ከቴርሞሱ ሻይ እየቀዳ «ዶላር የሚያትመው ነው» ሲል ደመደመ። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ደግሞ «ሁላችሁም ተሳስታችኋል፤ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ያለው አገር ነው፤ የእኛም ተራ ይመጣል» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ ነገር ግን «አይመጣም» ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

«መምህሩስ ምን ትላለህ?» ብለው ወደ እኔ ሲዞሩ ተራዬ ደረሰና ተሳፋሪ ጭኜ ሄድኩ። በዚያ ሌሊት ያልሰጠሁትን መልስ እነሆ በዚህ ገጽ እሰጣለሁ። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።

እንደ ቀድሞ የታሪክ አስተማሪነቴ ከቃሉ ልጀምር። (የኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) «ልዕለ ኃያል» የምንለውን ስያሜ በፖለቲካ ትምህርት ውስጥ ያስተዋወቀው ዊሊያም ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ነው፤ መጽሐፉ የታተመውም በ1944 ነበር። ፎክስ የሦስት አገሮችን ስም ጠራ፤ አሜሪካን፣ ሶቪየት ኅብረትንና ብሪታንያን። ለእሱ ልዕለ ኃያል ማለት ታላቅ ኃይል ያለው ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ኃይል ወደፈለገበት የዓለም ክፍል ማንቀሳቀስ የሚችል ማለት ነው። እንግዲህ ይታዘቡ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ዛሬ ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ለንደንንም ሆነ ሞስኮን በጦር የያዘ ጠላት የለም። ሁለቱም ቦምቡ ነበራቸው። ታዲያ ምን ጣላቸው?

ከብሪታንያ እንነሣ። ከጦርነቱ ማግሥት፣ በ1946፣ ብሪታንያ ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። የዚያን ብድር የመጨረሻ ክፍያ የፈጸመችው በ2006 መጨረሻ ላይ ነው። ስድሳ ዓመት! ሂሳቡ ግልጽ ነበር፤ ማርኩ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። መሪዎቿ ግን ካርዱን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው እንደ ድሮው ሊንጎማለሉ ፈለጉ። በ1952 የአቶሚክ ቦምብ ስለሞከሩ ነገር ሁሉ እንደነበረ ያለ መሰላቸው።

ጁላይ 26 ቀን 1956 ጋማል አብደል ናስር የስዊዝን ቦይ የግብፅ ንብረት አደረገ። በሴፕቴምበር የአምስት አገሮች መልእክተኞች ካይሮ ድረስ ሄደው ቦዩ በዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር እንዲሆን ጠየቁት፤ ከአምስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን የወከሏትም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። ናስር እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና እስራኤል በምስጢር ተመካከሩ። በኦክቶበር መጨረሻ እስራኤል ወደ ሲና ገባች፤ እንግሊዝና ፈረንሳይም ገላጋይ መስለው ግብፅን በቦምብ ደበደቡ። ወዲያው ገንዘብ ከፓውንድ መሸሽ ጀመረ። አሜሪካ «ጦራችሁን ካላወጣችሁ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ሳንቲም እንዳታገኙ» አለች። እንግሊዞች ኖቬምበር 6 ቀን ተኩስ አቆሙ፤ ለመውጣት ከተስማሙ በኋላም በዲሴምበር 561 ሚሊዮን ዶላር ተለቀቀላቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ኢደን ምክክሩን ፓርላማ ፊት ቆመው ካዱና በጃንዋሪ 1957 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ቦምቡ በመጋዘኑ እንዳለ ነው፤ ፓውንዱን ግን አላዳነውም።

ሶቪየት ኅብረትስ? በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የኒውክሌር መሣሪያ ነበራት፤ በብዛት ከአሜሪካም ትበልጥ ነበር። ያንን ሁሉ ታጥቃ ግን ከ1972 ጀምሮ ስንዴ ከባላንጣዋ ከአሜሪካ በሚሊዮን ቶን ትገዛ ነበር። ዲሴምበር 25 ቀን 1991 ባንዲራዋ ከክሬምሊን ሲወርድ ከውጭ አንድ ጥይት አልተተኮሰባትም። ለታላቃችን ለወታደሩ በአክብሮት የምለው ይህን ነው፤ ጋሼ፣ ኒውክሌር አገር የሚያቆም ቢሆን ኖሮ ሞስኮ ዛሬም የዚያ ኅብረት ዋና ከተማ በሆነች ነበር።

የኔ መልስ የአስተማሪ መልስ ነው። አገርን ልዕለ ኃያል የሚያደርገው የወደቀበትን ማርክ በአደባባይ ማየት መቻሉ፣ ማርኩን ያነበበለትን ሰው አለመቅጣቱ፣ ከዚያም ደብተሩን ይዞ ተመልሶ መቀመጡ ነው። ቦምቡም፣ መርከቡም፣ ዶላሩም ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ይህ ሲጠፋ ደግሞ እነዚያ አንድ በአንድ ይከተሉታል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሰው ብቻ አይመስለኝም፤ ለመንግሥትም ነው።

ማስረጃ አምጣ ቢሉኝ 1957ን እጠራለሁ። ኦክቶበር 4 ቀን ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ጠፈር ላከች። አሜሪካ ደነገጠች። በዲሴምበር 6 የራሷን ሳተላይት ለማምጠቅ ስትሞክር ቫንጋርድ የተባለው ሮኬት ከመሬት ከፍ እንዳለ ተመልሶ ወድቆ በእሳት ጋየ፤ ያውም በቴሌቪዥን፣ የገዛ ሕዝቧ እያየ። ጋዜጦቿ ተሳለቁባት። ከዚህ የባሰ የአደባባይ ውድቀት የት አለ? ታዲያ ምን አደረገች? በሴፕቴምበር 1958 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አንድ ሕግ ፈረሙ፤ ስሙ የመከላከያ ሕግ ይመስላል፣ ይዘቱ ግን የትምህርት ሕግ ነው። ለተማሪዎች ብድር፣ ለሂሳብና ለሳይንስ ትምህርት፣ ለውጭ ቋንቋ ገንዘብ መደበ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ። ለሮኬት የተሰጠው መልስ ሮኬት ብቻ አልነበረም፤ ጠመኔና ቤተ ሙከራም ነበር። በጁላይ 1969 ጨረቃ ላይ ቆሙ።

በዚያው ዘመን ወዲያ ማዶ የነበረውን ደግሞ ያስተያዩ። በኦክቶበር 1960 በካዛክስታን በረሃ አንድ የሶቪየት ሚሳይል ለሙከራ ሲዘጋጅ ፈነዳና ማርሻል ኔዴሊንን ጨምሮ ብዙ ሰው ፈጀ። ለሕዝቡ የተነገረው «ማርሻሉ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ» ተብሎ ነው። እውነቱ በአገሩ ጋዜጣ የወጣው ከ29 ዓመት በኋላ ነበር። ካርድ መደበቅ ልማድ ሲሆን በአንድ ቀን አይቆምም። ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ቼርኖቢል ሲፈነዳ የሶቪየት መንግሥት አጭር መግለጫ ያወጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ስዊድኖች ጨረሩን በመሣሪያቸው አይተው ከጠየቁ በኋላ። ሜይ 1 ቀን የኪየቭ ሕፃናት በሰልፍ እንዲወጡ ተደረገ። ጎርባቾቭ በቴሌቪዥን ቀርበው የተናገሩት ሜይ 14 ቀን ነው። የሶቪየት መሐንዲሶች አላዋቂ ስለነበሩ አይምሰልዎ፤ ጋጋሪንን ጠፈር ያደረሱ ሰዎች ናቸው። የጠፋው ዕውቀት አይደለም፤ «ወድቀናል» ብሎ በሰላም ወደ ቤት መግባት ነው የጠፋው።

አሁን «ቻይናስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቻይና ትምህርቱን ሁለቱንም መንገድ ሄዳ የተማረች አገር ናት። በ1958 «ታላቁ ወደፊት መዝለል» በተባለው ዘመቻ የየገበሬው ማኅበር ኃላፊ ለበላዩ የሚልከው የምርት ቁጥር በየሳምንቱ ይጨምር ነበር። ከሁሉ የተጋነነውን ምርት ማስመዝገብ «ስፑትኒክ ማምጠቅ» ይባል እንደነበር ልብ ይበሉ። በወረቀት ላይ ያለው እህል ተቆጥሮ እውነተኛው እህል ከገበሬው ተወሰደ። በ1959 ክረምት የመከላከያ ሚኒስትሩ ፔንግ ደኋይ ችግሩን ለማኦ በደብዳቤ ጻፉ፤ ከሥልጣናቸው ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የሚያርም ጠፋ፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ማርክ መጨመር ሰው ይገድላል ብል የተጋነነ እንዳይመስልዎ።

ከማኦ ሞት በኋላስ ቻይና በምን ተነሣች? ብዙ ሰው «በፋብሪካ» ይላል። ከፋብሪካው በፊት ግን ፈተና ነበር። በባህል አብዮቱ ዘመን የተቋረጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በዲሴምበር 1977 ተመለሰ። 5.7 ሚሊዮን ሰው ተፈተነ፤ የገባው 270 ሺህ ገደማ ነው፤ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ገበሬም፣ የፋብሪካ ሠራተኛም፣ የባለሥልጣን ልጅም እኩል ተቀመጠ። አገሪቱ የት እንደወደቀች አይታ ሀ ብላ ጀመረች።

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ ወንድም አይጠፋም። «አሜሪካ ኃያል የሆነችው በባሪያ ጉልበት፣ ከነባሩ ሕዝብ በተነጠቀ መሬትና በሁለት ውቅያኖስ ታጥራ ነው» ይለኛል። ግፉን አልክድም፤ አስተማሪ ሆኜ ልክድ አልችልም። ነገር ግን ብራዚልም ሰፊ መሬት ነበራት። በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ከአሜሪካ ብዙ እጥፍ ሰው የተጋዘው ወደ እሷ ነው፤ ባርነትን በሕግ ያስቀረችውም በ1888 ነው። ግፍ ኃያል የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዋ እሷ በሆነች። አሜሪካም ቢሆን በዚያው በ1957፣ ስፑትኒክ ከመነሣቱ አሥር ቀን በፊት፣ በሊትል ሮክ ዘጠኝ ጥቁር ልጆችን ትምህርት ቤት ለማስገባት ወታደር ማሰለፍ ግድ ሆኖባት ነበር። ያንን ማርክ አልቀበልም ብላ ብዙ ዓመት ታግላለች። እያነበበ ያስጨነቃት የራሷ ጥቁር ዜጋ ነው፤ እየተደበደበ፣ እየታሰረ፣ እየተገደለ። የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግና ከእሱ ቀጥሎ በ1965 የወጣው፣ ለእኛም በር የከፈተው የኢሚግሬሽን ሕግ ከዚያ ትግል የመጡ ናቸው። በዚህ አገር ታክሲ የምነዳው የዚያን ትግል ፍሬ እየበላሁ ነው።

ታዲያ አሜሪካ ለዘላለም ትኖራለች ማለቴ ነው? አይደለም። ኦገስት 1 ቀን 2025 የሥራ ቅጥር ቁጥር ደካማ ሆኖ ሲወጣ፣ ፕሬዚዳንቱ የስታቲስቲክስ ቢሮውን ኃላፊ በዚያው ቀን አባረሩ። ያን ዕለት ሬዲዮኔን እየሰማሁ መኪናዬን ዳር አቆምኩ፤ ይህን ነገር ከዚህ በፊት የት እንደማውቀው አውቄው ነበርና። ቻይናም ብትሆን በ2023 ሥራ ያጡ ወጣቶቿ ቁጥር ከመቶ 21 ሲያልፍ በኦገስት ቁጥሩን ማውጣት አቋርጣ፣ በጃንዋሪ 2024 በአዲስ ቀመር ነው የጀመረችው። ስለዚህ ለተራ መጠበቂያው ክርክር መልሴ ይህ ነው፤ ማን እንደሚነሣና ማን እንደሚወድቅ ማወቅ የፈለገ የጦር መርከብ አይቁጠር። ቁጥሩን ያነበበውን ሰው ማን እንደሚያባርር፣ ማን እንደሚሰማ ይመልከት።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሰው አገር ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳይሆንብኝ ወደ ራሳችን ልምጣ።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃን ለማስቀረት በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲነገር ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ፈተና 8.4። የመጀመሪያው ቁጥር በወጣ ሰሞን በዚህ ከተማ በየካፌው የሰማሁት ሁለት ዓይነት ንግግር ነበር። አንዱ ወገን «ለምን ለዓለም ይነገራል? አገር ተዋረደ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የሚጠላውን መንግሥት የሚመታበት ዱላ ስላገኘ ደስ ብሎታል። ስለ ልጆቹ ያነሣ፣ «ምን እናድርግ?» ያለ ግን አልሰማሁም።

ለሁለቱም ወገን የምለው አለኝ። ውርደቱ ቁጥሩ መነገሩ አይደለም፤ ውርደቱ ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ናቸው። ቁጥሩን ማንበብ ደግሞ ማስተማር አይደለም። የ1958ቱ ሕግ ገንዘብ ነበረው፣ ቤተ ሙከራ ነበረው፣ አስተማሪ ማሠልጠኛ ነበረው። «ወደቃችሁ» ብሎ ዝም ማለት ካርድ ከመደበቅ ብዙ አይሻልም።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በአንድ የክፍለ አገር ከተማ ዘጠኝ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምሬያለሁ። በአንዱ ሴሚስተር ከአንድ ክፍል 64 ተማሪዎቼ 39ኙ ከ50 በታች አመጡ። ሮስተሩን ሳስረክብ ወደ ቢሮ ተጠራሁ። «ከአምስት በላይ ወዳቂ እንዳይኖር፤ ወደ በላይ የሚሄድ ሪፖርት አለ» ተባልኩ። እምቢ ብል ምን እንደሚደርስብኝ አልተነገረኝም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ቁጥር ስጨምር አደርኩ። ፈረምኩበት። ለሽልማት የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የአንዱ ተማሪ አባት ከገጠር በእግራቸው መጥተው በር ላይ ጠበቁኝ። «የኔታ፣ ልጄን ሰው አደረጉልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ጎንበስ አሉ። ልጃቸው በእውነት ያመጣው ማርክ 27 ነበር። እኔ 50 አድርጌዋለሁ። አባትየው በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው፤ የእሳቸውን ምስጋና ተቀብዬ «ምንም አይደለም አባባ» አልኩ። ከዚያ በኋላ የ3.3ቱ ዜና ሲነገር መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ስለ እነዚያ 97ቱ ሳስብ፣ ከአስተማሪዎቻቸው መካከል እኔ 50 ያደረግኋቸው ልጆች እንደሚኖሩ ታየኝ። ሳይማር ያለፈ ልጅ አድጎ ሳይማር ያሳልፋል። አገር የሚወርደው እንዲህ በዝግታ፣ በምስጋና ወረቀት ታጅቦ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ «የእኛ ተራ መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው እንተወው። ተራ የሚደርሰው በታክሲ ሰልፍ ነው፤ በታሪክ ውስጥ ተራ የለም። አድዋም የተገኘው ተራ ተጠብቆ አይደለም። ይልቅስ ከቅርባችን እንጀምር። በማኅበራችን ስብሰባ ገንዘብ ያዡ ሪፖርት ሲያነብብ ከማጨብጨባችን በፊት ደረሰኙን እንጠይቅ፤ እጁን አውጥቶ የሚጠይቀውንም «በጥባጭ» ብለን አናሳፍረው። ልጅዎ ዝቅተኛ ማርክ ይዞ ሲመጣ አይደብቁለት፤ ካርዱንም ሳያነብቡ አይፈርሙ። «የት ላይ ነው ያልገባህ?» ብለው አጠገቡ ይቀመጡ። አገር ቤት ላለ ትምህርት ቤት የሚረዳ ካለም፣ ለቀለምና ለአጥር ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ምን እንዳወቁ የሚለካበትንና አስተማሪው እውነቱን ጽፎ የማይጠየቅበትን መንገድ አብሮ ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ከኒውክሌር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነገር እንደሚመስል አውቃለሁ። በተራ መጠበቂያውም ያስቅብኝ ይሆናል። ግን አንድ ሰው መጀመር አለበትና ከራሴ እጀምራለሁ። የዚያ ልጅ እውነተኛ ማርክ 27 ነው። ዘግይቼም ቢሆን እነሆ ጻፍኩት።